የአካል ዕውቀት በጉራጌ ምድር

በጉራጌ አገር የመስቀል በዓል ሲቃረብ፣ በአዲስ አበባና በየከተማው በንግድ ተበትኖ የከረመው ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀየው ሲጐርፍ፣ በየደጁ ተቀልቦ የሚታረደው ሰንጋ የዓመቱ ደስታ መግለጫ ከመሆኑም ሌላ ለአካባቢው ልጆች የመጀመሪያው የአካል ትምህርት ቤት ሆኖ መኖሩን ልብ ያለው ጸሐፊ ጥቂት ነው። የበሬውን እግር ይዞ ቆዳው ሲገፈፍ የሚመለከት ብላቴና፣ መጽሐፍ ሳይገለጥለትና መምህር ሳይቆምለት፣ ሳምባ ልብን ከግራና ከቀኝ አቅፎ እንደ ተቀመጠ፣ ጉበት ወደ ቀኝ አዘንብሎ እንደሚገኝ፣ ጣፊያ በስተ ግራ ከጨጓራ ጋር እንደ ተለጠፈ፣ ሐሞት በጉበት ሥር ተሸሽጋ እንደምትኖርና የቸኰለ ቢላዋ ከነካት ሥጋውን ሁሉ እንደምታመር በዐይኑ እያየ ያድጋል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ተወልዶ በኋላ ሐኪም ለመሆን የበቃ ሰው፣ የሰውን አካል በመጽሐፍ ከማጥናቱ አስቀድሞ የበሬን አካል በደጁ አጥንቶ ነበር ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ይህን ዕውቀት በማዕርግ ይዞ የኖረው ብልት አዋቂው ነው። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥትም ሆነ በባላባት ቤት ለግብር የሚታረደውን ሰንጋ በየብልቱ ለይቶ ለእያንዳንዱ እንደ ክብሩ ማቅረብ ራሱን የቻለ ሙያ ስለ ነበረ፣ ሻኛውን፣ ዳቢቱን፣ ጎድኑን፣ ንብራብሮውን፣ ሽንጡን፣ ፍሪምባውን ሳያዛንፍ ማውጣት የሚችል ሰው በማኅበሩ ዘንድ ስም ነበረው። ጥሩ ብልት አዋቂ መጥረቢያ አያበዛም፤ ቢላዋውን አንዱ ሥጋ ከሌላው ሥጋ በሚለይበት ነጭና ቀጭን ሽፋን ላይ እያሳለፈ፣ መንገዱን ራሱ ሥጋው እንዲያሳየው ይተወዋል። በተለይ የፊቱን እግር፣ ማለት ወርቹን፣ ከደረቱ ሲለይ ለተመለከተው ሰው ነገሩ ያስገርማል፤ እግሩን በአንድ እጁ ወደ ላይ ቀና አድርጎ በብብቱ በኩል ቢላዋውን ሲያስገባ፣ ብረቱ አንድ ጊዜ እንኳ አጥንት ሳይነካ ያ ትልቅ ወርች ተላቅቆ በእጁ ይቀራል። ምክንያቱም የበሬ ወርች ከገላው ጋር የተያያዘው በሥጋና በጅማት ብቻ ስለ ሆነ፣ በትከሻውና በደረቱ መካከል የሚያገናኝ አጥንት የለውም። ክትፎ የሚከትፈውም ሰው የዚሁ ትምህርት ደቀ መዝሙር ነው፤ ከቀዩ ሥጋ ውስጥ ጅማቱንና ሽፋኑን አንድ በአንድ እየመዘዘ ካላወጣ ክትፎው ከጥርስ ይጣበቃልና፣ በእጁ ጫፍ ለስላሳውን ከጠንካራው መለየት ዕለታዊ ሥራው ነው።

ነገር ግን በሬ ሰው አይደለም። ከደረት አናት ተነሥቶ ወደ ትከሻ የሚዘረጋው ቀጭን አጥንት፣ በበሬ የሌለው፣ በሰው ግን በሕፃንነት ሳይቀር በመውደቅ ብዙ ጊዜ የሚሰበር ነው፤ የበሬ ጎድን 13 ጥንድ ሲሆን የሰው 12 ጥንድ ነው፤ የበሬ ኩላሊት እንደ ወይን ዘለላ የተከፋፈለ ሲሆን የሰው ኩላሊት ልሙጥ ነው፤ በበሬ ልብ ውስጥ ትንሽ አጥንት ሲገኝ በሰው ልብ ውስጥ አይገኝም። ሣር የሚያመሰኳው እንስሳ ጨጓራውና ሽንፍላው በየክፍሉ ተለያይቶ የተሠራ ሲሆን፣ ሰው ያለው አንድ ከረጢት ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ሕዝባችን ከእርድ የተማረውን ስም ወደ ራሱ ሆድ አዛውሮ የእርሱንም ጨጓራ ብሎ ስለ ጠራው፣ ዛሬ በየክሊኒኩ በር «ጨጓራዬን አሞኛል» የሚለው ሰው ሁሉ ሳያውቀው የብልት አዋቂውን ቋንቋ ይናገራል።

ከበሬ ወደ ሰው በመሸጋገር መሳሳት የጉራጌ ገበሬ ብቻ ዕጣ እንዳይመስል፣ እዚህ ላይ ወደ ሩቅ አገርና ወደ ሩቅ ዘመን ጥቂት ዘወር ማለት ይገባል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን፣ በሮማውያን ዘመን የሰውን በድን መክፈት የማይፈቀድ ስለ ነበረ፣ ዝንጀሮን፣ ዐሣማንና በሬን እየከፈተ የሰውን አካል ጻፈ፤ ከእነዚህም እንስሳት ባየው መሠረት በሰው አንጐል ሥር እንደ መረብ የተጠላለፈ አስደናቂ የደም ሥር አለ ብሎ አስተማረ። ይህ መረብ በበሬና በበግ ራስ ውስጥ በእርግጥ አለ፤ በሰው ውስጥ ግን የለም። ቢሆንም የጋሌን ክብር እጅግ ታላቅ ስለ ነበረ፣ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ሐኪሞች የሌለውን መረብ እያስተማሩ ኖሩ። በፓዱዋ ያስተምር የነበረው የብራስልሱ ተወላጅ ቬሳልዮስ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1543 ስለ ሰው አካል አሠራር ሰባት ክፍል ያለውን መጽሐፉን ሲያሳትም ይህን ስሕተት ገለጠ፤ እርሱም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰውን ራስ በጉባኤ ፊት በሚከፍትበት ጊዜ መረቡን ለማሳየት የበግ ወይም የበሬ ራስ አጠገቡ ያስቀምጥ እንደ ነበር በግልጽ ጽፏል። ታላላቆቹ ሊቃውንት በበሬ ከተሳሳቱ፣ በመስቀል ዋዜማ ቢላዋ የሚስለው ጉራጌ የሚወቀስበት ምክንያት አይታየኝም።

የሰውን አጥንት በእውነት የሚያውቀው ወጌሻው ነው። ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር፣ ወጌሻው እጁን በቅቤ ለስልሶ፣ መጀመሪያ ጤነኛውን ክንድ ከትከሻ እስከ አንጓ ይዳስሳል፤ ከዚያም ወደ ተሰበረው ተመልሶ አንዱን በሌላው ይመዝናል። ቆዳውን ሳይከፍት፣ ዐይኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አድርጎ፣ ጣቶቹን ብቻ እያሰማራ፣ አጥንቱ የት እንደ ተዛነፈና ስንጣሪው ወዴት እንደ ገባ ይናገራል፤ ስቦም ይመልሰዋል፤ በመጨረሻም በቀርከሃ ስንጣቂ ደግፎ ያስረዋል። እንሰት የጉራጌ ሕይወት ምሰሶ እንደ መሆኑ በዚህም ሥራ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ጓርየ፣ አስታራና ቅብናር የሚባሉት የእንሰት ዐይነቶች ለስብራትና ለእብጠት መድኃኒት ተብለው በጓሮ ተለይተው ይተከላሉ፤ ሥራቸው፣ ማለት አምቾው፣ ተቀቅሎ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይሰጣል። ከብት ሲሰበርም ሰው ሲሰበርም የሚጠራው ይኸው አንድ ወጌሻ ስለ ሆነ፣ ብልት አዋቂው ያላወቀውን ልዩነት በእጁ የለየ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ሰው ዕውቀት ግን በአጥንት ላይ ያበቃል። ክንድ ከተሰበረ በኋላ ሥጋው ማበጡ የማይቀር ነውና፣ በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረው ክንድ ውስጥ ውስጡን ሲያብጥ ደም መግቢያና መውጫ ያጣል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ፤ በመጨረሻም ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ ለሐኪሙ የሚቀረው ሥራ ክንዱን መቍረጥ ይሆናል። ይህ በአገራችን ሆስፒታሎች ሁሉ የታወቀ መከራ ነው። ወጌሻው የሳተው በስንፍና አይደለም፤ አጥንትን ሲያውቅ ከአጥንቱ ጋር ተጠግቶ የሚሄደውን የደም መንገድ ማንም ስላላሳየው ነው። በሕዝቡ ቋንቋ ሥር የሚለው ቃል ደም የሚሄድበትንም፣ ሥጋን ከአጥንት የሚያያዘውንም፣ ሕመምን ወደ አንጐል የሚያደርሰውንም በአንድነት ይጠቀልላል፤ «ሥሬ ዞረ» የሚል በሽተኛ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያመለክት ራሱም አያውቀውም። የጥንት ግሪኮችም ነርቭንና ጅማትን በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር፤ ሁለቱ የተለያዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት፣ በእስክንድርያ፣ ሐኪሙ ሄሮፊሎስ የሰውን በድን ከፍቶ ከመረመረ በኋላ ነው። የእኛ የትምህርት መጻሕፍት በበኩላቸው ከልብ የሚወጣውን ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም መልስ ብለው የሰየሙት እጅግ መልካም ስያሜ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሐርቬይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1628 ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እንደሚዞር ለማስረዳት መጽሐፍ የጻፈበትን ነገር ሁለት ቃላት ጨርሰውታልና።

ከገበሬውና ከወጌሻው ሌላ፣ የአካልን ስም በሥርዓት ጠብቆ ያቈየው የሃይማኖት ትምህርት ነው። በሶዶ ምድር የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ምድረ ከብድ፣ በሙሕርም የኢየሱስ ገዳም ሲታወሱ፣ በእነዚህና በመሰሎቻቸው ደብሮች የሚጸለየው የመልክዕ ድርሰት የግእዝ የአካል መዝገበ ቃላት ሆኖ ማገልገሉ አብሮ መታወስ ይገባዋል። የመልክዕ ደራሲ ቅዱሱን ከራስ ጠጕሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር፣ ለእያንዳንዱ ብልት አምስት ስንኝ ያለው ሰላምታ እያቀረበ ይወርዳል፤ ከሥዕርት ወደ ርእስ፣ ከቀራንብት ወደ አዕይንት፣ ከመላትሕ ወደ ከናፍር፣ ከጕርዔ ወደ ክሣድ፣ ከመታክፍት ወደ መዝራዕት፣ ከኵርናዕ ወደ እራኅና ወደ አጻብዕ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ገብቶ ልብን፣ ኵልያትንና ንዋየ ውስጥን ሰላም ብሎ፣ በአብራክና በሰኰና አድርጎ ወደ መሬት ይደርሳል። ይህን በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ሥጋ ከምድር፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩንም አብሮ ስለሚማር፣ ለእርሱ አካል ማለት የተፈጥሮ ሁሉ ጉባኤ ነው። በጥምቀትም ጊዜ ካህኑ ሕፃኑን በ36 ስፍራ በሜሮን ሲቀባ፣ ዐይንን፣ ጆሮን፣ አፍንጫን፣ የእጅና የእግር መገጣጠሚያዎችን እየተከተለ በመሄዱ፣ ምሥጢሩን ለሚያዩት ሁሉ የአካልን ካርታ በዘይት ይሥልላቸዋል።

እስላሙም ጉራጌ ከዚህ የተለየ ትምህርት ቤት አላጣም። በአብሬትም ሆነ በቡታጅራ ዙሪያ ባሉት መስጊዶች ለሶላት የሚቀርብ ሰው፣ ውዱእ ሲያደርግ ፊቱን፣ እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩን እስከ ቍርጭምጭሚቱ እንዲያጥብ፣ ራሱንም በእርጥብ እጁ እንዲያብስ ታዝዟል፤ ክርን የት ላይ እንደሚጨርስ የማያውቅ ሰው ውዱኡ አይሞላለትምና፣ ሕፃን ሳለ የአካልን ወሰን በቀን አምስት ጊዜ በውሃ እየለካ ያድጋል። ሐኪሞች በዘመናችን ስለ አካል ወሰን በብዙ ገጽ የሚጽፉትን ያህል ባይሆንም፣ ወሰን ያለው ዕውቀት ነው።

ሴቶቹ የያዙት ድርሻ በጽሑፍ ያልተነገረለት ከመሆኑ የተነሣ በአጭሩ ማለፍ ግድ ይሆናል። የልምድ አዋላጂቱ የእትብትን ርዝመትና የእንግዴ ልጅን መውጣት ታውቃለች፤ እንግዴ ልጅ ሳይወጣ ቢቀር ምን እንደሚመጣም ታውቃለች። በዐይን ማዝ ሕመም የዐይኗ ሽፋን ወደ ውስጥ የተቀለበሰባት እናት ደግሞ፣ ወረንጦዋን በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ብሌኗን የሚፍቀውን ፀጕር በጎረቤት ዐይን እያስፈለገች ታስነቅላለች። የተነቀለው ፀጕር ተመልሶ ይበቅላል፤ መድኃኒቱ ሽፋኑን ቀዶ ወደ ውጭ መመለስ ሲሆን፣ ይህ ቀዶ ሕክምና በቡታጅራ በግራርቤት ሆስፒታል ለብዙ ሰው ደርሷል።

መጽሐፋዊው አናቶሚ ወደዚህ ምድር የመጣው በዝግታ ነው። በጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ በአዲስ አበባም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ የሰውን አካል በሥርዓት የተማሩ ጤና መኰንኖችና ሐኪሞች በዚያን ጊዜ ጨቦና ጉራጌ፣ ሐይቆችና ቡታጅራ ይባሉ ወደ ነበሩት አውራጃዎች መምጣት ጀመሩ። የጉራጌ ሕዝብ ገንዘቡን አዋጥቶ ያሠራው መንገድም፣ ነጋዴውን ከቀዬው እንዳገናኘ ሁሉ በሽተኛውን ከሐኪም አገናኘ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1969 የካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው በአጣጥ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በወጌሻ እጅ ጠብቆ የታሰረው ክንድና በልምድ አዋላጅ እጅ የከበደው ምጥ የሚላክበት ቦታ በዚያ ዘመን ይኸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በጉብርዬ ከተተከለ ወዲህ፣ ትምህርቱ ራሱ ወደ ጉራጌ ደጅ መጣ። ተማሪው በመጀመሪያው ትምህርት የሚማረው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ሰው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ፊቱን ወደ ፊት ያቅና፣ ክንዶቹን ወደ ታች ይልቀቅ፣ መዳፎቹን ወደ ፊት ይክፈት፤ ግራና ቀኝም ሲባል የተመልካቹ ሳይሆን የቆመው ሰው ግራና ቀኝ ይሁን። ይህ አንድ አቋቋም ከላይ ያየናቸው ሁሉ ያጡት ነገር ነው። ብልት አዋቂው በጐኑ በተጋደመ በሬ ላይ ይሠራል፤ ወጌሻው በተቀመጠ ወይም በተኛ ሰው ላይ ይሠራል፤ መልክዐ ደጋሚው ቅዱሱን ከላይ ወደ ታች ይከተላል፤ እያንዳንዱ በራሱ አቅጣጫ ትክክል ቢሆንም፣ አንዱ ለሌላው የተናገረውን ያለ ስሕተት ማስተላለፍ አይችልም። የመዳፉ ነገር ለማይረባ ጉዳይ የተደነገገ እንዳይመስል፣ አንባቢው ክንዱን ዘርግቶ መዳፉን አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ያዙረው፤ ከክርን እስከ አንጓ ካሉት ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ሲሻገር በሌላው እጁ ሊዳስስ ይችላል። አውራ ጣት መዳፍ ሲከፈት ወደ ውጭ፣ መዳፍ ሲገለበጥ ወደ ውስጥ ይሆናልና፣ አቋቋሙ ካልተወሰነ «በክንዱ የውስጥ በኩል ተወግቷል» የሚለው የሐኪም ጽሑፍ ለሚቀጥለው ሐኪም ሁለት ትርጕም ይኖረዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጉራጌን ምድር በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ ያስገባው ግን በቡታጅራ የሆነው ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ሲጀምር፣ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለው በየቤቱ እየተጠየቀ ይመዘገብ ጀመር። ዶክተር ደስታ ሻሜቦና ዶክተር ሉሉ ሙሔ በዚህ ሥራ ላይ ተመሥርተው ስለ ሕዝቡ ጤናና ስለ ሕፃናት የሳምባ ሕመም ጽፈዋል። የሳምባ ምች በያዘው ሕፃን ላይ ሐኪም የሚፈልጋቸው ምልክቶች መሣሪያ የማይጠይቁ ናቸው፦ ዕድሜው ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት የሆነ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሆነው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፣ ሲስብም የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ቢሰረጕድ፣ ለሞት የሚያሰጋ ነው። ይህን መሰርጐድ ሕፃኗን በደረቷ አቅፋ ያደረች እናት ከማንም አስቀድማ ታየዋለች።

የሞተውስ? በዚያ ምድር በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ ሬሳ ሳይውል ሳያድር ለመሬት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ የሞተውን ከፍቶ ምክንያቱን መመርመር የሚታሰብ አይደለም፤ አብዛኛውም ሰው የሚሞተው ሐኪም ሳያየው በቤቱ ነው። ስለዚህ በቡታጅራ የተሠራበት ዘዴ ሬሳውን በቢላዋ ሳይሆን በቃል መመርመር ሆነ። የሐዘኑ ቀን ካለፈ በኋላ ጠያቂው ወደ ቤተ ሰቡ ሄዶ፣ ሟቹ ስንት ቀን ታመመ፣ ያስለው ነበርን፣ ደረቱን ይወጋው ነበርን፣ ሆዱ አብጦ ነበርን፣ አንገቱ ደርቆ ነበርን እያለ ይጠይቃል፤ ከመልሱም የሞቱ ምክንያት ይገመታል። ዶክተር መስጋናው ፋንታሁንና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም ጋር ፒተር ባያስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ የቤተ ሰቡን ቃል በኮምፒዩተር ስሌት ወደ ሞት ምክንያት የሚለውጠውን ዘዴ በዚሁ በቡታጅራ ከሐኪሞች ፍርድ ጋር አነጻጽረው ውጤቱን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳተሙ። ዘዴው ከዚያ ወዲህ ሰው በቤቱ በሚሞትባቸው በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተሠርቶበታል።

እንግዲህ ብልት አዋቂው፣ ወጌሻው፣ ደጋሚውና አዋላጂቱ ያቈዩት ቃል፣ በዘመናዊው ሳይንስ እጅ የሞትን ምክንያት የሚለይ ማስረጃ ሆኗል፤ ማስረጃውም የሚጸናው ቃሉ የቱን ብልት እንደሚያመለክት ጠያቂው ሲያውቅ ነው። ስለሆነም በጉብርዬ የምትማሩ፣ በቡታጅራና በአጣጥ የምታክሙ ወጣቶች፣ መጽሐፋችሁ ስለ 206 የሰው አጥንቶች የሚነግራችሁን በደንብ አጥኑ፤ ከአልጋው አጠገብ ያለችው እናት ግን «ሥሩን አሞታል» ብትላችሁ፣ የትኛው ሥር እንደ ሆነ በገዛ እጇ በልጇ ገላ ላይ እንድታሳያችሁ ሳትጠይቁ ወደ ጽሑፋችሁ አትመለሱ።